ልጆቹ ግራፉን አሳምረው ገልብጠዋል፤ «በስንት ይበልጣል?» ሲባሉ ግን አይመልሱም

ጥያቄው፦ «ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) አስተማሪ ነኝ። 54 ልጆች አሉኝ፤ አብዛኞቹ 6 ዓመታቸው ነው። መረጃ መሰብሰብና ሥዕላዊ ግራፍ አስተምሪ ተብዬ ሰሌዳ ላይ የሙዝ፣ የማንጎና የብርቱካን ግራፍ ሣልኩላቸው። አሳምረው ገለበጡ፣ ቀለም ቀቡ። ‹ሙዝ ከማንጎ በስንት ይበልጣል?› ስላቸው ግን በአንድ ድምፅ ‹ሰባት!› ይሉኛል። ሰባት የሙዙ ቁጥር ነው፤ ማንጎው አራት ነው። ደጋግሜ አስረዳሁ፣ ያው ነው። ካርቶን የለኝ፣ ማተሚያ የለኝ። ግራፍ ለዚህ ዕድሜ ይከብዳል ማለት ነው? ሱፐርቫይዘር ሲመጣስ ደብተር ላይ ምን አሳያለሁ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከ«ሰባት!» እንጀምር። ልጆችሽ ተሳሳቱ ለማለት ይከብደኛል። «በስንት ይበልጣል?» ስትያቸው የሰሙት «የሚበልጠው የቱ ነው? እሱስ ስንት ነው?» የሚለውን ነው። ለዚያ ጥያቄ ደግሞ መልሱ ሰባት ነው። ከ«ስንት» ፊት የተለጠፈችውን «በ» አልሰሟትም፤ ቢሰሟትም ገና ምንም አትነግራቸውም። ቤት ውስጥ «ስንት ነው?» ሲባል በቀን አሥር ጊዜ ይሰማሉ፣ «በስንት?» ግን ከገበያ ዋጋ ውጪ እምብዛም አይሰሙም። በክፍልሽ ደግሞ ቤታቸው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ለእነሱ ይቺ አንድ ፊደል ከነጭራሹ የለችም።

ቶም ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ለትንንሽ ልጆች ወፎችና ትሎች ያሉበት ሥዕል አሳያቸው። «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በትክክል የመለሱት ከአራት አንዱ ያህል ነበሩ። ያው ሥዕል ሳይነካ ጥያቄው ተለወጠ፤ «ወፎቹ ሁሉ ትል ለመያዝ ቢሽቀዳደሙ፣ ስንቱ ወፍ ትል ሳያገኝ ይቀራል?» ተባሉ። አሁን ሁሉም ማለት ይቻላል መለሱ። ቁጥሩ ያው፣ ልጆቹ ያው፣ ልዩነቱ ያው።

ወደ እኛ ሰፈር እናምጣው። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ የማያውቅ ልጅ በክፍልሽ ጥቂት ነው። ጀልባዎቹ ተጠግተው ቆሮሶና አምባዛው ሲራገፍ፣ ዓሣው ሲበለት፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ትከሻውን ሰብስቦ የሚጣልለትን ሲጠብቅ አይተዋል። ሰሌዳ ላይ ሰባት አባ ኮዳ ሣዪ፤ ከሥራቸው አራት የዓሣ ጭንቅላት። (ሥዕል ካስቸገረሽ ረጅም እግርና ረጅም ምንቃር ያለው ዜሮ ይበቃል፤ እኔ ከዚያ በላይ ሥዬ አላውቅም።) ከዚያ «እያንዳንዱ አባ ኮዳ አንድ አንድ ጭንቅላት ቢያነሣ፣ ስንቱ ጦሙን ያድራል?» በያቸው። ሦስት ይሉሻል። አንዳንዱ ልጅ ሰሌዳው ድረስ መጥቶ በጣቱ ወፉን ከጭንቅላቱ ጋር ያገናኛል፤ ተይው ያገናኝ። «አባ ኮዳዎቹ ከጭንቅላቱ በሦስት ይበልጣሉ ማለት ይኸው ነው» የምትያቸው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ በእጃቸው ከገባ ቃሉ ይገባቸዋል። እኛ አስተማሪዎች ቃሉን አስቀድመን ነገሩን እናስከትላለን፤ ከዚያ «ልጆቹ አይገባቸውም» እንላለን።

አሁን «ይከብዳል ወይ?» ላልሽው። አይከብድም። የከበዳቸው ያ ሰሌዳ ላይ ያለው ግራፍ ነው። እስኪ አስቢው፤ እነዚያ ሰባት ሙዞች የማን ናቸው? ማንም አልበላቸውም፣ ማንም አልቆጠራቸውም። አንቺ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ያመጣሻቸው ናቸው። «መረጃ መሰብሰብና ግራፍ» ተብለሽ ግራፉን ሰጠሻቸው፣ መሰብሰቡን ራስሽ ጨረስሽው። አልወቅስሽም፤ መጽሐፉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማስተምረው። ለልጅ ግን የማያውቀው ሰው ሙዝ ግራፍ እና ቀለም የሚቀባ ሥዕል አንድ ናቸው። ቀለሙን ቀባልሽ፣ የጠየቅሽውን አደረገልሽ።

ካርቶንና ማተሚያ ባይኖርሽም ጠመኔና ግቢ አለሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆችም አሉሽ። ሰኞ ማክሰኞ ላይ ድንጋዩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ብቻ ያርፋል፣ መስመር የረገጠ ይወጣል፣ ሁሉም የሚነሣው ከአንድ ቦታ ነው። የግራፍ ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ በዚያው ቋንቋ አስተምሪያቸው።

ግቢው ላይ ሦስት ወይም አራት ረድፍ ሳጥን ሣዪ። እያንዳንዱ ሳጥን ርዝመቱ የጫማሽን ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን፣ ሁሉም እኩል፣ ረድፎቹም ጎን ለጎን ይሁኑ። ከታች ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ወፍራም መስመር ይኑር። «ይሄ የሩጫ መነሻ ነው፤ ማንም ቀድሞ አይነሣም» በያቸው። ከዚያ ጠይቂያቸው፦ «ዛሬ ትምህርት ቤት በምን መጣችሁ?» በእግር፣ በባጃጅ፣ በሳይክል፣ በሞተር። እያንዳንዱ ልጅ በመጣበት ረድፍ አንድ ሳጥን ይዞ ይቆማል።

ሳጥኑ ለምን እንዳስፈለገ ልንገርሽ። በአንድ ወቅት ሳጥን ሳልሠራ እንዲሁ ሰልፍ አስያዝኳቸው። በእግር የመጡት ዘጠኝ ነበሩ፤ እንደ ልማዳቸው ተጣብቀው፣ አንዱ የሌላውን ሸሚዝ ይዞ ቆሙ። የባጃጆቹ ሰባት ነበሩ። ከፊት የቆመችው ልጅ መሪ ይዛ «ጥሩምባ» እየነፋች ማሽከርከር ስለጀመረች ከኋላዋ ያሉት እንዳትገጫቸው ራቅ ራቅ አሉ፣ ሰልፋቸው ከእግረኞቹ ረዘመ። «እኛ እንበልጣለን!» ብለው ጨፈሩ። ቆጠርን፤ ሰባት። እግረኞቹንም ቆጠርን፤ ዘጠኝ። አንዱ የባጃጅ ልጅ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እነሱ ዘጠኝ ናቸው፣ እኛ ግን እንበልጣለን» አለኝ። ድርቅ አለ። ያን ቀን ሳቅኩበት፤ በኋላ ግን ልጁ ዓይኑ ያየውን ነው የነገረኝ አልኩ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ረድፍ ይደረደርና አንደኛው ረድፍ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ሲዘረጋ፣ ትንንሽ ልጆች «ይሄኛው በዛ» ይላሉ። ሳጥኑ ዓይንና ቁጥርን ያስታርቃል። እግረ መንገዴን፣ የሰሌዳሽን ሙዝና ማንጎ እንደዚሁ እዪው፤ ማንጎውን አትልቀሽ፣ ሙዙን አሳንሰሽ ሥለሽው ከሆነ አራቱ ማንጎ ከሰባቱ ሙዝ ረዝሞ ይታያል።

ልጆቹ ሳጥናቸውን ከያዙ በኋላ በጣም የምወደው ክፍል ይመጣል። የእግረኞቹና የባጃጆቹ ረድፍ ጎን ለጎን ናቸው አይደል? «ከጎናችሁ ካለው ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያያዙ» በያቸው። ከመነሻው መስመር ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይያያዛሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት እግረኞች የሚይዙት እጅ ያጣሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ይቀራሉ። «እጅ ያጣው ስንት ነው?» ሁለት። በቃ፣ «በስንት ይበልጣል?» ማለት ይቺ የተዘረጋች እጅ ናት። አማርኛ ገና ያልጠነከረለትም ልጅ ያያታል። በኋላ ወረቀት ላይ ግራፍ ስታሳዪያቸው «እጅ ያጡት እነማን ናቸው?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ወዲያው ጣታቸውን ወደ ረድፉ ጫፍ ይዘው ይሄዳሉ።

54 ልጅ እንዴት ይሆናል እንዳትዪኝ። 54ቱን አንድ ላይ አታሰልፊ፤ ገበያ ይሆንብሻል። 18ቱ ይሰለፉ፣ 36ቱ ዳኛ ይሁኑ። ዳኛ ማለት መስመር የረገጠ፣ ሁለት ሆነው አንድ ሳጥን የያዙ፣ ሳጥን የዘለለ ካለ እጁን አውጥቶ የሚናገር ነው። እመኚኝ፣ የ6 ዓመት ልጅ የሌላውን ስሕተት ለመያዝ ያለው ትጋት ለራሱ ሥራ የለውም። ነገ ሌላ 18፣ ከነገ ወዲያ ሌላ 18። ሌሊቱን ዘንቦ ከነበረ የነገው የባጃጅ ረድፍ ይረዝም ይሆናል፤ ያኔ «ትናንትና ዛሬ ለምን ተለያየ?» የሚል ጥያቄ ሳትፈልጊው ይመጣልሻል።

ከሰውነት ቀጥሎ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህል የለም። መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ዋጋ የለውም፣ በየቤቱ አለ። ልጆቹ አንዳንድ ባዶ ቀፎ ያምጡ፤ ላላመጣ የሰፈርሽ ባለሱቅና ቡና የምታፈላ ጎረቤትሽ ይሞሉልሻል። እንጨቱ ውስጡ አለመቅረቱን ራስሽ አረጋግጪ፤ የሚጫርበትን ጎን በወረቀት ሸፍኚው። በላዩ ላይ ልጁ ራሱ የመረጠውን ምልክት ይሣል፦ ኮከብ፣ ዓሣ፣ ኳስ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል። ከዚያ በኋላ ያ ቀፎ ልጁ ራሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ትልቅ ፌስታል ታስቀምጪዋለሽ። ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ልጁ ቀፎውን አንሥቶ በመልሱ ረድፍ ያስቀምጣል። ሁለት ጊዜ «ድምፅ መስጠት» የሚወዱ አሉ፤ ቀፎው አንድ ስለሆነ አይችሉም። የቀረ ልጅ ካለ ቀፎው ፌስታሉ ውስጥ ይቀራል፣ «ያልተጠየቀ ማነው?» ስትዪ እሱን ታሳያለሽ። ቀፎዎቹን ደራርበሽ ፎቅ መሥራት ያምራል፣ ግን ከአሥር ሲያልፍ ይፈርሳል፣ ክፍሉም ይፈርሳል። ወለል ላይ አስተኝተሽ ደርድሪያቸው።

ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶንም እንዲሁ ወርቅ ነው። ጉድጓዶቹ በ5 እና በ6 ረድፍ ስለተሠሩ ለብቻው የተዘጋጀ ግራፍ ነው ማለት ይቻላል፤ በአንድ ጉድጓድ አንድ ቆርኪ። ረድፉ ስድስት ብቻ ስለሚይዝ ሁለቱን ካርቶን ቀጥዪ። የእንቁላል ቅሪት ያለበትን ግን ተዪው፤ ሆድ ያማል።

አሁን ወደ መሰብሰቡ። ልጆች መረጃ የሚባለው ነገር ከሰው አፍና ከመንገድ እንደሚመጣ ማየት አለባቸው። አሞራ ገደል 54 ልጅ ይዘሽ ውረጂ አልልሽም፤ ሐይቁ ዳር ያን ሁሉ ልጅ መጠበቅ አይቻልም። የትምህርት ቤቱ በር ይበቃል። ከአጥሩ ውስጥ ሆናችሁ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በፍርግርጉ መንገዱ የሚታይበት ቦታ ላይ ስድስት ልጆች አቁሚ። ሁለቱ ባጃጅ ብቻ፣ ሁለቱ ሞተር ብቻ፣ ሁለቱ ጋሪ ብቻ ያያሉ። እያንዳንዱ ጥንድ ባዶ ጣሳና አንድ እፍኝ ቆርኪ አለው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንድ ቆርኪ «ቅል!» ይግባ። አንዱ ያያል፣ አንዱ ይከታል። ሰዓት አያስፈልግሽም፤ ሌሎቹ ልጆች ክፍል ውስጥ የሚያውቁትን መዝሙር ይዘምሩ፣ መዝሙሩ ሲያልቅ ቆጠራው ያልቃል። ትልቅ መንገድ ዳር ከሆናችሁ ባጃጁ ከሃያ በላይ ይሆንና ይበላሽባችኋል፤ መዝሙሩን አሳጥሪ። በዚህ ዕድሜ ከአሥር ባይበልጥ እመርጣለሁ። «አንድ ቆርኪ አምስት ባጃጅ ነው» የሚለውን ብልሃት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ተይላቸው።

ቆርኪውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የ6 ዓመት ልጅ እየተንቀሳቀሰ ያለን ነገር በቃሉ ሲቆጥር ይጠፋበታል፤ «አራት፣ አምስት፣ ... ያ ሰማያዊ ሸራ ያለው እንዴ ቆጥሬዋለሁ?» ይላል። ቆርኪ ሲከት ግን መቁጠር አይጠበቅበትም፣ ማየት ብቻ ነው። ቁጥሩ ጣሳው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ድሮ እረኛ ከብቱን በጠጠር የሚቆጥረውም ለዚሁ ነው። ጭረቱን በኋላ ታስተምሪያቸዋለሽ፦ አራት ቆሞ አምስተኛው አግድም ሲያስራቸው። ያን ጊዜ እጃቸውን አስዘርጊያቸው፤ አራት ጣት ቆሞ አውራ ጣት መዳፍ ላይ ሲተኛ ጭረቱን ራሱን ይመስላል።

ጥያቄ ስትመርጪ ጠንቀቅ በይ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ጀማሪ ሳለሁ «ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ?» ብዬ ግራፍ አሠራሁ። ዳቦ፣ ፍርፍር፣ ገንፎ፣ እንቁላል። አንዱ ልጅ ቀፎውን ይዞ ከረድፍ ረድፍ ይዞራል። «አስቀምጥ እንጂ» አልኩት። የሌላውን ልጅ ዓይን ዓይን እያየ ፍርፍሩ ላይ አስቀመጠና በፍጥነት ተመለሰ። እረፍት ላይ ሌላዋ ልጅ «እሱ እኮ ቁርስ አልበላም» አለችኝ። ግራፉ ሐሰት ሆነ፤ እሱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ልጁን በክፍል ፊት እንዲዋሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምግብ፣ ስለ አባት ሥራ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ቤት ውስጥ ስለሚነገር ቋንቋ፣ ስለ ወንድምና እኅት ብዛት ጠይቄ ግራፍ አላሠራም። «በምን መጣችሁ?» የሚለውንም ቢሆን ክፍልሽን አይተሽ ነው፤ የመኪና ልጆችና የእግር ልጆች የሚናናቁበት ክፍል ከሆነ ተዪው።

ምን ልጠይቅ ካልሽ፣ መልሱ አንድ ነገር የሚወስን ጥያቄ ጠይቂ። «ዓርብ ከሰዓት የምንጫወተው የቱን ነው? ኩኩሉ፣ ሱዚ፣ ኳስ ወይስ ሰኞ ማክሰኞ?» ቀፎዎቹ ይደረደሩ፣ የረዘመው ያሸንፍ፣ ዓርብ ያንኑ ተጫወቱ። ቃልሽን ብታጥፊ ግን ግራፍ ዳግመኛ አያምኑሽም። ኳስ ከኩኩሉ በአንዲት ቀፎ ብቻ ካነሰ እንዴት እንደሚከራከሩ ታያለሽ፤ «ዛሬ የቀረችው ልጅ ብትኖር ኖሮ!» የሚል አንዱ አይጠፋም። ያ ልጅ ስለ መረጃ የገባው ነገር ብዙ ትልቅ ሰው ያልገባው ነው።

ግራፉ ከተሠራ በኋላ የምትጠይቂው ደግሞ ደረጃ አለው። ፍራንሲስ ከርሲዮ የተባለች የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ግራፍ ማንበብን በሦስት ከፍላዋለች። አንደኛው ያለውን ማንበብ ነው፤ ኩኩሉን የመረጠው ስንት ነው? ሁለተኛው በመካከል ያለውን ማንበብ ነው፤ ከኩኩሉና ከኳስ የቱ በዛ፣ እጅ ያጣውስ ስንት ነው? ሦስተኛው ከግራፉ አልፎ ማሰብ ነው፤ ነገ አዲስ ልጅ ቢመጣ የቱን የሚመርጥ ይመስላችኋል? እኛ የምንቆመው አንደኛው ላይ ነው፣ ምክንያቱም መልሱን ለማረም ይቀላል። ሦስተኛው ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለውም፤ «ለምን መሰለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው። በአንድ ግራፍ ላይ ከሦስቱም አንድ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ከእነሱ በፊት ግን ዝም ብለሽ «ምን ይታያችኋል?» በዪና ጠብቂ። አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ለአስተማሪ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ባዶ ረድፍ ከወጣ አታጥፊው። ጋሪ ጣሳ ውስጥ ምንም ቆርኪ ካልገባ ልጆቹ «ጋሪን እናውጣው» ይላሉ። ይቆይ። ባዶው ረድፍ «ዜሮ» ማለት ምን እንደሆነ ከሰሌዳ ላይ ክብ ይልቅ ያስረዳል። አንዳንዴ ደግሞ ራስሽ ሆን ብለሽ ተሳሳቺ፤ አንድ ሳጥን ዘልለሽ ቆርኪ አስቀምጪ፣ አንዱን ረድፍ ከመነሻው መስመር ከፍ አድርገሽ ጀምሪ። ካልጮሁብሽ ገና አልገባቸውም፣ ግቢው ላይ ሁለት ቀን ጨምሪላቸው።

ሥዕላዊ ግራፍና ባር (የዓምድ) ግራፍ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ብዙም ጊዜ አይወስድም። ቀፎዎቹ ወለል ላይ እንደተደረደሩ አራት ማዕዘን ባለው የሒሳብ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቀፎ አንድ ሳጥን ቀለም ይቀባሉ። ሳጥኖቹ ሲያያዙ ባር ሆኑ ማለት ነው። መቸኮል አያስፈልግም። የሰው ልጅ ራሱ ባር ግራፍን ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1786 ነበር፤ እሱም የስኮትላንድን ንግድ የሚያሳይ የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለነበረው፣ ከዓመት ዓመት የሚሄድ መስመር መሣል አቅቶት የፈጠረው መላ ነው። እኛ የ6 ዓመት ልጅ በ40 ደቂቃ እንዲገባው እንፈልጋለን።

ከጎንሽ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ባልደረቦች ካሉ ይቺን አካፍያቸው፦ የልደት ወር ግራፍ። እኛ 13 ወር ስላለን 13 ረድፍ ነው። ሲሠራ የጳጉሜ ረድፍ ባዶ ሆኖ ወይም አንዲት ቀፎ ብቻ ይዞ ይቀራል። ልጆቹ መጀመሪያ የሚሉት «በጳጉሜ ሰው አይወለድም» ነው። ከዚያ ካሌንደሩን አምጪና ቀኖቹን ይቁጠሩ፤ ሌላው ወር 30፣ ጳጉሜ 5፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል። ቀኑን በትክክል የማያውቅ ልጅ ስላለ ግን ከአንድ ሳምንት በፊት ወላጅ ይጠየቅ፤ ላላወቀ «አልታወቀም» የሚል 14ኛ ረድፍ አዘጋጁለት እንጂ ወር አትፍጠሩለት።

ስለ ሱፐርቫይዘሩ። ደብተር ማየት ሥራው ነው፣ አትቀየሚው። ግቢው ላይ የሠራችሁትን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ የልጆቹ ፊት ባይታይ ይመረጣል፣ ከላይ ሆነሽ ረድፉን ብቻ ያዢ። ደብተሩ ላይ ደግሞ ልጁ በሳምንት አንድ ግራፍ ብቻ ይሥራ፣ ከሰሌዳ ሳይሆን ከወለሉ አይቶ። ከላይ ቀኑንና ጥያቄውን አንቺ ጻፊለት። ከሥሩ ልጁ ስለ ግራፉ የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ ሳታርሚ ጻፊ፤ ለ54 ልጅ በአንድ ቀን አትችይም፣ በቀን አሥራ አንድ ያህል ሆኖ ሳምንት ይወስዳል። 54 ደብተር ላይ 54 የተለያየ ዓረፍተ ነገር ሲያይ የሚጠይቅሽ ጥያቄ ይለወጣል። እኔ ጋር ካሉት ደብተሮች አንዱ፣ የበሩን ቆጠራ የሠራ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ስምንት፣ ሞተር አምስት፣ ጋሪ ባዶ። ከሥሩ የተጻፈው፦ «ጋሪ ዜሮ ነው። ገበያ ቀን ስላልሆነ ነው። ቅዳሜ እንቁጠር።»